የቆሙት በዕድል አይደለም፦ የጃፓን ግንቦችና የጥገና ጥበብ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በጃፓን ጥንታዊ ግንቦች ላይ ያተኩራል። የጃፓን ግንብ ሲባል ብዙዎቻችን በፎቶግራፍ ወይም በፊልም ያየነው ነገር ይታወሰናል፤ ከሥሩ ሰፍቶ ወደ ላይ እየጠበበ የሚወጣ የድንጋይ ካብ፣ በካቡ አናት ላይ ደግሞ ጣሪያ በጣሪያ ላይ የተደራረበበት ረጅም ማማ። እንዲህ ያለው ማማ በጃፓን ከተሞች በብዛት ይገኛል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ በሃያኛው ክፍለ ዘመን በአርማታ እንደገና የተሠሩ ናቸው። ከመሳፍንቱ ዘመን ጀምሮ ዋናው ማማቸው እስከ ዛሬ የዘለቀ ግንቦች 12 ብቻ ናቸው። ከእነዚህም አምስቱ፣ ማለትም ሂሜጂ፣ ማትሱሞቶ፣ ኢኑያማ፣ ሂኮኔና ማትሱዬ፣ በከፍተኛው የብሔራዊ ቅርስ ደረጃ ተመዝግበዋል። እነዚህ 12ቱ እንዴት ተረፉ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ዕድል ረድቷቸው» የሚል ነው። በዚህ ዝግጅት ይህን መልስ እሞግታለሁ። እንጨት ዝም ብለው ቢተዉት አራት መቶ ዓመት አይቆምም። ማማዎቹ የዘለቁት ሰዎች በየዘመኑ ስለጠገኗቸው፣ አንዳንዴም እስከ መሠረታቸው ፈትተው መልሰው ስለገጣጠሟቸው ነው። ስለዚህ ግንቦቹን ለማየት የሚሄድ ሰው ዕድሜያቸውን ብቻ ሳይሆን የጥገናቸውን ታሪክ ቢጠይቅ የሚያየውን ነገር በትክክል ይረዳል። ከመቀጠላችን በፊት፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ነገሩን ከመነሻው እንያዘው። በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ጃፓን የተከፋፈለች አገር ነበረች፤ የየአካባቢው መሳፍንት እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር። ኦዳ ኖቡናጋ የተባለው የጦር መሪ በ1576 በቢዋ ሐይቅ ዳርቻ የአዙቺን ግንብ ማሠራት ሲጀምር፣ ምሽግም የሥልጣን ማሳያም የሆነ አዲስ ዓይነት ሕንፃ መልክ ያዘ። አዙቺ ብዙ አልቆየም፤ ኖቡናጋ በሞተበት ዓመት በ1582 ተቃጠለ። አርአያነቱ ግን አልጠፋም። በ1600 ከተካሄደው የሴኪጋሃራ ጦርነት በኋላ መሳፍንቱ በየግዛታቸው ግንብ ለማቆም ተሽቀዳደሙ። የሂሜጂን ግንብ ዛሬ ባለው መልኩ ያሠራው ኢኬዳ ቴሩማሳ ሥራውን የጀመረው በ1601 ሲሆን በ1609 ፈጽሞታል። ሩጫው ግን በአጭሩ ተገታ። በ1615 ሾገን በሚባሉ የጦር ገዢዎች የሚመራው የቶኩጋዋ መንግሥት አንድ መስፍን ከአንድ ግንብ በላይ እንዳይኖረው አዘዘ፤ የቀሩት እንዲፈርሱ ተደረገ። በዚያው ዓመት በወጣው የመሳፍንት ሕግ ደግሞ አዲስ ግንብ መሥራት ተከለከለ፤ ነባሩን ለመጠገንም ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ሆነ። ክልከላው የይስሙላ አልነበረም። የሂሮሺማው መስፍን ፉኩሺማ ማሳኖሪ በጎርፍ የተጎዳ ካቡን ያለ ፈቃድ አስጠግኗል ተብሎ በ1619 ግዛቱን ተነጥቋል። ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። ገና ከጥንቱ ግንብን መጠገን ግንብን የመሥራት ያህል ክብደት የነበረው፣ መንግሥት በዓይነ ቁራኛ የሚከታተለው ሥራ ነበር።

ሁለተኛው ትልቅ ፈተና የመጣው በሜጂ ዘመን ነው። በ1868 የሾገኖቹ አገዛዝ ወድቆ ሥልጣን ወደ ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሲዞር፣ ግንቦች የአሮጌው ሥርዓት ርዝራዥ ተደርገው ታዩ። በ1873 መንግሥት ለጦር ሠራዊቱ የሚያስፈልጉትን ለይቶ የቀሩት እንዲወገዱ ወሰነ። ብዙዎቹ በሐራጅ ተቸበቸቡ፤ እንጨታቸውና ብረታቸው ለሌላ አገልግሎት ዋለ። የሂሜጂ ግንብ ሳይቀር በ23 የንና በ50 ሴን ተሽጦ፣ ገዢው የማፍረሻው ወጪ ከአቅሙ በላይ ስለሆነበት እንደተወው ይነገራል። የማትሱዬ ማማ በ1875 በ180 የን ሊሸጥ ሲል የአካባቢው ሰዎች ያንኑ ያህል ገንዘብ ከፍለው ከመፍረስ አዳኑት። የማትሱሞቶ ማማ ሐራጅ ወጥቶበት በነበረበት ጊዜ ኢቺካዋ ርዮዞ የተባለ የከተማው ሰው ተነሥቶ በማማው ውስጥ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ፤ በተገኘው ገቢም ግንቡ እንዲመለስ አደረገ። ይህ ብቻ አልበቃም፤ ማማው እያደር ዘመመ። ከ1903 እስከ 1913 ለተካሄደው ጥገና ሕዝቡን አስተባብሮ ገንዘብ ያሰባሰበው የመካከለኛ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የነበረው ኮባያሺ ኡናሪ ነው። ናካሙራ ሺጌቶ የተባለ የጦር መኮንን በ1878 ስለ ሂሜጂ ለበላዮቹ አቤቱታ አቅርቧል፤ በዚያው ዓመት ሂኮኔ እንዳይፈርስ ለንጉሠ ነገሥቱ የለመነው ሹም ኦኩማ ሺጌኖቡ እንደሆነ ይነገራል። አድማጮቼ፣ ከእነዚህ ስሞች በስተጀርባ ያለውን ነገር ተመልከቱ። ግንቦቹን ያዳኑት የአካባቢ ነዋሪ፣ መምህር፣ ወታደርና ሹም ናቸው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ወስኗል፣ ገንዘብ አውጥቷል፣ ደጅ ጠንቷል።

እዚህ ላይ የዕድልን ክርክር በሙሉ ክብደቱ ማቅረብ ይገባል፤ ምክንያቱም ጠንካራ ማስረጃ አለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ዋና ማማቸው ያልጠፋ ግንቦች 20 ያህል ነበሩ። በ1945 የአየር ድብደባ ናጎያ፣ ኦካያማ፣ ዋካያማ፣ ኦጋኪ፣ ሚቶና ፉኩያማ ተቃጠሉ፤ የሂሮሺማው ማማ በአቶሚክ ቦምቡ ፈረሰ። በሰሜን የሚገኘው ማትሱማዬ ከጦርነቱ ተርፎ በ1949 በእሳት አደጋ ወደመ። የሂሜጂ ከተማ በዚያው በ1945 ክፉኛ ስትነድ፣ በማማው ላይ የወደቀው ተቀጣጣይ ቦምብ ሳይፈነዳ ቀረ። ይህ ዕድል ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ይችላል? እውነት ነው፤ ያን ሌሊት ዕድል ረድቷል፤ መካድ አይገባም። ነገር ግን ዕድል የሚረዳው እስከዚያ ሌሊት ድረስ የቆመን ነገር ነው። ከ1870ዎቹ በኋላ አቤት ባይና ጠጋኝ ባያገኝ ኖሮ በ1945 የሚተርፍ ማማ ባልኖረ ነበር። ከዚያ ሌሊት በኋላም እንዲሁ ነው፤ ሂሜጂ የቆመበት አፈር ከሸክሙ የተነሣ እየሰመጠ፣ ማማው ወደ አንድ ጎን እያዘነበለ ነበር። ቦምቡ ባለመፈንዳቱ ብቻ ቢተው ኖሮ በሌላ መንገድ ይጠፋ ነበር። ዕድል አንድን ሌሊት ሊያሳልፍ ይችላል፤ አራት መቶ ዓመታትን ለማሳለፍ ግን ሥራ ያስፈልጋል።

ያ ሥራ ምን እንደሚመስል ለማየት ከሂሜጂ የተሻለ ምሳሌ የለም። ከ1956 እስከ 1964 ዋናው ማማ ከላይ እስከ ታች ተፈታ። የጣሪያው ሸክላ ወረደ፣ ልስኑ ተነሣ፣ እያንዳንዱ ምሰሶና አግዳሚ ቁጥር እየተሰጠው ተለየ። ይህ ሊሆን የቻለው በአሠራሩ ምክንያት ነው። የጃፓን አናጢዎች ትልልቁን እንጨት ያያያዙት በዋነኛነት በምስማር አይደለም፤ የአንዱን እንጨት ጫፍ ቀርጸው በሌላው ጎድጓዳ ውስጥ በማስገባት ነው። በምስማር የተመታ እንጨት ሲነቀል ይሰነጠቃል፤ ተቀርጾ የገባ ግን ይወጣል፣ ተመልሶም ይገባል። ሂሜጂን ከምድር ቤቱ እስከ ላይኛው ፎቅ ወለል ድረስ የሚሸከሙት ሁለት ግዙፍ ምሰሶዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ወደ 25 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ማማው ሲፈታ የምሥራቁ ምሰሶ በአብዛኛው ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፤ ሥሩ ላይ የተበላሸው ክፍል ብቻ ተቆርጦ በአዲስ እንጨት ተቀጠለለት። የምዕራቡ ግን መበስበሱ ስለባሰ መለወጥ ነበረበት። ለዚህ የሚበቃ ሂኖኪ የሚባለው ዛፍ በኪሶ ደን ውስጥ ተፈልጎ ተገኘ፤ ወደ ግንቡ ሲጓጓዝ ግን ተሰበረ። በመጨረሻ ከሁለት ዛፎች የተገኙ ግንዶችን በማገጣጠም ምሰሶው ተሠራ። የቀድሞው ምሰሶም ከሁለት የተቀጠለ ስለነበር፣ አናጢዎቹ ያደረጉት የጥንቶቹን መፍትሔ መድገም ነው። ከ2009 እስከ 2015 ደግሞ ሌላ ሥራ ተከተለ፤ የጣሪያው ሸክላ እንደገና ተደረደረ፣ የግድግዳው ልስን ከኖራ፣ ከቃጫና ከባሕር ሣር በሚወጣ ሙጫ ተቦክቶ ታደሰ። ማማው በማርች 2015 ሲከፈት እጅግ ከመንጣቱ የተነሣ ያጉረመረሙ ነበሩ። ቀድሞ የለመዱት ግራጫ ግን የዓመታት ሻጋታ ያመጣው እንጂ የግንቡ ቀለም አልነበረም።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ይነሣል። ምሰሶው ተለውጦ፣ ልስኑ ታድሶ፣ ሸክላው ተነሥቶ፣ ሕንፃው ጥንታዊ ነው ማለት ይቻላል ወይ? ይህ ተቃውሞ ተራ አይደለም፤ የቅርስ ባለሙያዎችም ለረጅም ዘመን ተከራክረውበታል። በድንጋይ ሕንፃ የለመደ አስተሳሰብ የቅርስን እውነተኛነት የሚለካው ከመጀመሪያው ቁስ ምን ያህሉ እንደቀረ በማየት ነው። በዚህ ሚዛን የእንጨት ሕንፃ ሁልጊዜ ይቀልላል። በ1994 በጃፓኗ ናራ ከተማ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ያወጡት ሰነድ ግን የቅርስ እውነተኛነት በየባህሉ አግባብ መመዘን እንዳለበት አስታወቀ፤ ቁስ ብቻ ሳይሆን ቅርጽ፣ አሠራርና አገልግሎትም መታየት አለባቸው አለ። ለእኛ ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የሣር ክዳን ያለው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክዳኑ በየጊዜው ይለወጣል፤ ምእመናኑ ግን አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ አይሉም፣ ደብሩ ያው ደብር ነው። ሆኖም ይህ መልስ ለሁሉም ነገር በር እንዳይከፍት መጠንቀቅ አለብን። ማንኛውም መልሶ ግንባታ «አሠራሩ የጥንት ነው» ተብሎ ሊጸድቅ አይገባም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ በትክክለኛ ጥገና የሚለወጠው የበሰበሰው ብቻ ነው፣ ለምን እንደተለወጠ ይመዘገባል፣ የቀረው እንጨት ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል። ሕንፃው ምንጊዜም ከራሱ ጋር አይቋረጥም።

መፍታት ሌላም ጥቅም አለው፤ ሕንፃው በውስጡ የያዘውን ምስክርነት ያወጣል። የሂኮኔ ማማ ከ1957 እስከ 1960 ለጥገና ሲፈታ፣ በእንጨቶቹ ላይ በቀለም የተጻፉ የ1606ና የ1607 ቀኖች ተገኙ። ከዚህም በላይ እንጨቶቹ አሁን ላሉበት ቦታ የማያገለግሉ የቆዩ ቀዳዳዎችና መገጣጠሚያዎች ነበሯቸው። ባለሙያዎቹ እነዚህን ተከትለው እንጨቱ ቀድሞ የሌላ ማማ አካል እንደነበር አረጋገጡ፤ ማማው ከኦትሱ ግንብ ተነሥቶ እንደመጣ የሚናገረውም የቆየ ታሪክ በዚህ ተደገፈ። የማትሱዬ ታሪክ ከዚህም ይበልጥ ያስደንቃል። ማማው በ1950 የወጣው የቅርስ ሕግ ሥራ ላይ ሲውል ቀድሞ ከነበረበት ከፍተኛ ደረጃ ዝቅ ብሎ ነበር፤ የተሠራበትን ዓመት የሚያረጋግጥ ሰነድ አለመኖሩ ዋነኛ እንቅፋት ሆኖ ቆየ። በ2012 ግን በአቅራቢያው ከሚገኝ የሺንቶ ቤተ አምልኮ ሁለት የጸሎት ጽላቶች ተገኙ፤ ከ1611 ጋር የሚገጥም ዓመትም ተጽፎባቸዋል። ይሁን እንጂ ከቤተ አምልኮ የተገኘ ጽላት በግንቡ ውስጥ እንደነበረ ማን ያውቃል? መልሱ ከራሱ ከማማው መጣ። በጽላቶቹ ላይ የምስማር ቀዳዳዎች ነበሩ፤ በማማው ምድር ቤት ባሉ ምሰሶዎች ላይም ቀዳዳዎች ነበሩ። ሲለኩ ገጠሙ። ማማው በ2015 በብሔራዊ ቅርስነቱ ወደ ከፍተኛው ደረጃ የተመለሰው በእነዚህ ትናንሽ ቀዳዳዎች ምስክርነት ነው። ምሰሶዎቹ «አርጅተዋል» ተብለው በአዲስ ተተክተው ቢሆን ኖሮ ይህ ማስረጃ አብሮ በጠፋ ነበር።

ክርክሬን እስከ ዳር የሚፈትነው ማሩኦካ ነው። ይህ ትንሽ ማማ ጣሪያው የተሸፈነው እንደ አብዛኞቹ በሸክላ ሳይሆን ከአካባቢው በሚወጣ ድንጋይ ነው። በ1948 የፉኩይ የመሬት መንቀጥቀጥ ማማውን ሙሉ በሙሉ ጣለው። ነዋሪዎቹ ከራሳቸው ፍርስራሽ ገና ሳይወጡ የግንቡን እንጨትና ድንጋይ ሰብስበው አስቀመጡ፤ በ1955 ከዚያው እንጨት ተመልሶ ቆመ። ታዲያ ማሩኦካን ከ12ቱ ውስጥ መቁጠር ይገባል? አይገባም የሚል ሰው አንድ ቀን የወደቀ ሕንፃ ሞቷል ማለቱ ነው። እኔ ይገባል ባይ ነኝ። ምክንያቱም ከመውደቁ በፊት ሕንፃው በዝርዝር ተለክቶና በሥዕል ተመዝግቦ ነበር፤ እንጨቱም በብዛት ተርፎ ነበር፤ የመገጣጠሙን ሙያ የሚያውቁ እጆችም ነበሩ። መዝገቡ፣ ቁሱና ሙያው ሲገናኙ ሕንፃው ከውድቀት ይነሣል። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ዛሬ በዚያ ኮረብታ ላይ የምናየው ነገር መታሰቢያ ብቻ ይሆን ነበር።

ስለ መታሰቢያ ካነሣን ወደ አርማታ ግንቦች እንሂድ። የኦሳካ ማማ በ1931 ከሕዝብ በተሰበሰበ መዋጮ በአርማታ የተሠራ ነው። ውስጡ ሙዚየም ነው፤ ሊፍትም አለው። «ይህ ሐሰተኛ ነው» ብሎ ማጣጣል ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። የጦር መሪው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ያሠራው የመጀመሪያው ማማ ቆይታው ከ1615 ጦርነት አላለፈም። ቶኩጋዋዎች በ1620ዎቹ የተኩት በ1665 በመብረቅ ተቃጠለ። ሁለቱም አርባ ዓመት በቅጡ ሳይሞላቸው ጠፍተዋል። አርማታው ግን የ1945ን ድብደባ አልፎ ከዘጠና ዓመት በላይ ቆሟል፤ በ1997ም በቅርስነት ተመዝግቧል። የ1931 ኦሳካ ነዋሪዎች ከኪሳቸው ያወጡት ገንዘብ ራሱ ታሪክ ነው። ስለዚህ ጎብኚ ኦሳካን ቢያይ አላጠፋም። የሚሳሳተው የሂዴዮሺን ሕንፃ አየሁ ብሎ ሲያምን ነው። በአርማታ ማማ ውስጥ ያለው ዕቃና ሥዕል ስለ ጥንቱ ሰዎች ብዙ ያስተምራል፤ የጥንቱ አናጢ ሸክምን ከጣሪያ ወደ ካብ እንዴት እንዳወረደ ግን ምንም አይናገርም። ያንን ለማወቅ እንጨቱ ሥራውን ሲሠራ ማየት ያስፈልጋል።

ናጎያ ይህን ክርክር ወደ ዛሬ ያመጣዋል። በ1945 የተቃጠለው ማማ በ1959 በአርማታ ተተካ፤ በመሬት መንቀጥቀጥ የመቋቋም አቅሙ ዝቅተኛ ሆኖ በመገኘቱ በ2018 ለጎብኚዎች ተዘጋ። ስድሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ከተማዋ ከጦርነቱ በፊት የተዘጋጁ የልኬት ሥዕሎችና ፎቶግራፎች ስላሏት ማማውን በጥንቱ አሠራር በእንጨት መልሳ ለመሥራት አቅዳለች። በዚያው ግቢ የነበረው የመስፍኑ መኖሪያ በዚህ መንገድ በእንጨት ተሠርቶ በ2018 ተጠናቋል። ማማው ግን ጠንካራ ተቃውሞ ገጥሞታል፤ የጥንቱ ማማ ሊፍት አልነበረውም፣ አሁን በአርማታው ውስጥ ያለው ሊፍት ይቅር ከተባለ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን ምን ያድርጉ? ይህ ተቃውሞ ትክክል ነው፤ እንደ ትንሽ ነገር መታየት የለበትም። በእኔ አመለካከት መለየት ያለባቸው ሁለት ጉዳዮች አሉ። ከጥንት የቆየን ማማ ምሰሶ ቆርጦ ሊፍት ማስገባት የማይመለስ ጥፋት ነው፤ ስለ ማትሱዬ የምስማር ቀዳዳዎች የተናገርኩትን አስቡ። ገና ሊሠራ የታሰበ ማማ ግን የሚጠፋ ማስረጃ የለውም፤ ዛሬ በሕዝብ ገንዘብ የሚቆም ሕንፃ ለዛሬው ሕዝብ ሁሉ ክፍት የመሆን ግዴታ አለበት። እንዲያውም ይህ ልዩነት የክርክሬ ማረጋገጫ ነው። ጥንታዊውን ከአዲሱ የሚለየው መልኩ አይደለም፤ በውስጡ የተሸከመው ምስክርነት ነው።

እንግዲህ ጎብኚ ምን ይመልከት? መጀመሪያ ዓይኑን ወደ ታች ያድርግ። ማማው አዲስ በሆነበት ቦታ እንኳ ካቡ ብዙ ጊዜ የጥንት ነው። በኦሳካ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ማማው ሲያቀና፣ የ1620ዎቹ ግዙፍ ካብ አጠገቡ ይታለፋል። ከድንጋዮቹ ትልቁ ወደ 60 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ገጽ ያለው ነው፤ ክብደቱ ከ100 ቶን በላይ ይገመታል፤ በባሕር ተጓጉዞ የመጣ ነው። በብዙዎቹ ድንጋዮች ላይ ያመጧቸው መሳፍንት ምልክት ተቀርጾ ይታያል። በሂሜጂ ካብ ውስጥ ደግሞ ከጥንታዊ መቃብር የተወሰዱ የድንጋይ ሣጥኖች ሳይቀሩ ይገኛሉ፤ ድንጋይ ባጠረ ጊዜ የተገኘው ሁሉ ይገባ ነበር። ከካቡም ማዕዘኑን አስተውሉ። ረጃጅም ድንጋዮች አንዴ በአንዱ ፊት፣ አንዴ በሌላው ፊት ርዝመታቸውን እያሳዩ ተፈራርቀው ይደረደራሉ፤ እርስ በርስ ስለሚቆላለፉ ማዕዘኑ የካቡ ጀርባ አጥንት ይሆናል። ይህ ምን ያህል እንደሚሠራ በኤፕሪል 2016 በኩማሞቶ ታይቷል። የመሬት መንቀጥቀጡ ከአንድ አነስተኛ ማማ ሥር ካቡን ሲንደው፣ የማዕዘኑ ድንጋዮች ብቻቸውን እንደ ዓምድ ቀርተው ሕንፃውን ተሸክመው ቆዩ። ግንበኞቹ ግንቡን ባሠራው በመስፍኑ በካቶ ኪዮማሳ ዘመን፣ ከአራት መቶ ዓመት በፊት፣ ያሰቡበት ነገር በዚያ ቀን በዓለም ፊት ተፈተነ።

ቀጥሎ ወደ ውስጥ ይግባ፤ ጫማውን አውልቆ፣ በእጁ ይዞ። እዚህ ላይ ብዙዎች ቅር ይላቸዋል፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ ጨለምለም ይላል፣ ደረጃው ለመውጣት አይመችም ይላሉ። የማትሱሞቶ ደረጃ በከፋበት ቦታ 61 ዲግሪ ያዘነብላል፤ ከደረጃ ይልቅ ወደ መሰላል ይቀርባል። ቅሬታው የሚመጣው ግን ማማውን የመስፍኑ መኖሪያ አድርጎ ከመጠበቅ ነው። በሰላሙ ዘመን መሳፍንቱ ይኖሩ የነበረው ከማማው ውጭ በተሠሩ ሰፋፊ ቤቶች ነው፤ በኮቺ ማማውም መኖሪያውም ጎን ለጎን ስለተረፉ ልዩነቱን በዓይን ማየት ይቻላል። ማማው መጋዘን፣ የመጨረሻ መከላከያና ከሩቅ የሚታይ የሥልጣን ምልክት ነበር። ባዶነቱ ዕቃው ስለጠፋ አይደለም፤ አሠራሩ ነው። በሂሜጂ ግድግዳዎች ላይ የጦር መሣሪያ መስቀያዎች ተደርድረዋል፤ በቅጥሮቹ ላይ ክብ፣ ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘን የመተኮሻ ቀዳዳዎች አሉ። በማትሱሞቶ ከውጭ የማይታወቅ መስኮት አልባ ፎቅ አለ፤ ከውጭ አምስት የሚመስለው ማማ ከውስጥ ስድስት ፎቅ ነው። ደረጃው ቀጥ ማለቱ፣ ብርሃኑ ማነሱ፣ ጣሪያው መውረዱ፣ ሁሉም የሕንፃው ቋንቋ ናቸው። ሊፍት ባለበት አርማታ ማማ ውስጥ ይህን ሰውነት ሊረዳው አይችልም።

አንድ ተቃውሞ ቀርቷል፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። እነዚህ ግንቦች የገዢዎች መሣሪያዎች ነበሩ፤ ድንጋዩን የጎተተው፣ ወጪውን በግብር የሸፈነው ገበሬው ነው። ታዲያ ይህን ያህል ገንዘብና ሙያ ማፍሰስ የመሳፍንቱን ክብር ማራዘም አይሆንም ወይ? ጃፓናውያን ራሳቸው ለዚህ ጥያቄ አንድ ታላቅ ምሳሌ አላቸው። በ1657 ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ በእሳት ስትጋይ የሾገኑ ዋና ማማም ተቃጠለ። የድንጋይ መሠረቱ እንደገና ተሠራ። ነገር ግን ከመንግሥቱ ዋና አማካሪዎች አንዱ የነበረው ሆሺና ማሳዩኪ ገንዘቡ ለከተማዋ መልሶ ግንባታ ይዋል ብሎ ተከራከረ፤ ማማውም ዳግመኛ ሳይሠራ ቀረ። ባዶው የድንጋይ መሠረት ዛሬም በቶኪዮ መሐል ይታያል። ይህ ምሳሌ ጥበቃን የሚቃወም አይደለም። ለገዢ ክብር አዲስ ማማ ማቆም አንድ ነገር ነው፤ የሺዎችን ድካም የያዘን ነባር ሥራ መጠበቅ ሌላ ነው። በማማው ውስጥ በብዛት የምናገኘው የመስፍኑን አሻራ አይደለም፤ ስማቸው ያልተጻፈ አናጢዎችንና ድንጋይ ጠራቢዎችን ሥራ ነው። ጥገናው ቢቆም መጀመሪያ የሚጠፋው የእነሱ ምስክርነት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት መደምደሚያ አንድ ነው። ቅርስ የሚጠበቀው ሙያው ሲጠበቅ ነው። በ1949 መጀመሪያ ላይ በሆርዩጂ ቤተ መቅደስ የደረሰው ቃጠሎ ጃፓንን አስደንግጦ በቀጣዩ ዓመት የቅርስ ጥበቃ ሕግ እንዲወጣ አድርጓል። በኋላም ሕጉ ተሻሽሎ ለጥገና የሚያስፈልጉ የእጅ ሙያዎች ራሳቸው የሚጠበቁ ሆኑ፤ አናጢው፣ ሸክላ ሠሪው፣ ለሳኙ ተተኪ እንዲያሠለጥኑ ይደገፋሉ። ዩኔስኮም በ2020 የጃፓንን የእንጨት ሕንፃ መጠበቂያ ሙያዎች በዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ አስፍሯቸዋል። የኩማሞቶ ግንብ ጥገና በዕቅዱ መሠረት እስከ 2052 ይቀጥላል፤ የወደቁት ድንጋዮች ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ ከቀድሞ ፎቶግራፎች ጋር እየተነጻጸሩ ወደየቦታቸው ይመለሳሉ። በ2016 ሥራውን የጀመሩት ብዙዎቹ ሲጠናቀቅ በጡረታ ላይ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ወጣቶችን ማሠልጠን የጥገናው አካል ነው። የጃፓንን ግንብ የሚጎበኝ ሰው እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ ቢሄድ ብዙ ያተርፋል፤ ከሚያየው የትኛው የጥንት ነው? የትኛው ተለወጠ፣ መቼ፣ በማን? በምን ማስረጃ? በየግንቡ የሚገኙ የማስረዳት ሰሌዳዎች ብዙ ጊዜ መልሱን ይሰጣሉ። እነዚህን የሚጠይቅ ጎብኚ በበዛ ቁጥር ለጥገና የሚወጣው ገንዘብና የሚሠለጥነው ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚረዳ ሕዝብም ይበዛል፤ ግንቦቹም ለቀጣዩ ትውልድ የሚደርሱት በዚህ መንገድ ብቻ ነው።